የአሮጌ ትራክተር ምርመራ ታሪክ፤ ከነብራስካ ሕግ እስከ አርሲ ማሳ

ያገለገለ የእርሻ ትራክተር የሚገዛ ገበሬ ወይም የእርሻ ድርጅት ዛሬ የሚያደርገው ምርመራ፣ ማለትም ሞተሩን እንደቀዘቀዘ ማስነሳት፣ የጭሱን ቀለም መመልከት፣ ሃይድሮሊኩን በሸክም መፈተን፣ የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን ከሰነዱ ጋር ማመሳከርና መለዋወጫው ከየት እንደሚገኝ ማጣራት፣ በአንድ ጊዜ ታስቦ የወጣ መመሪያ አይደለም፤ ከመቶ ዓመት በላይ በፈጀ የኪሳራ፣ የክርክርና የማሻሻያ ሂደት ቀስ በቀስ የተጠራቀመ ዕውቀት ነው። ከእያንዳንዱ የምርመራ ነጥብ ጀርባ ገንዘቡን የከሰረ ገዢ፣ ማሳ ላይ ሕይወቱን ያጣ ነጂ ወይም ለችግሩ መፍትሔ ለማግኘት ዓመታት የደከመ መሐንዲስ አለ። ስለዚህ ምርመራው ለምን እንደሚደረግ ያልተረዳ ገዢ ዝርዝሩን በቃሉ ቢይዘውም እንኳ በቀላሉ ሊታለል ይችላል፤ ታሪኩን የተረዳ ግን አንዱን ምልክት ከሌላው ጋር አገናዝቦ መፍረድ አይሳነውም።

የገዢው አቤቱታና የነብራስካ ሕግ

በቤንዚን ሞተር እየሠራ ወደፊትም ወደኋላም መንቀሳቀስ የቻለ የመጀመሪያው ትራክተር ተብሎ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1892 ጆን ፍሮሊች የተባለ ሰው በአሜሪካ የአዮዋ ግዛት የሠራው ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት ዐሥርት ዓመታት በመካከለኛው ምዕራብ አሜሪካ በርካታ የትራክተር አምራቾች ተቋቋሙ፤ አንደኛው የዓለም ጦርነትም የሰው ጉልበትንና ፈረሶችን ከእርሻው ወደ ጦር ሜዳ ሲወስድና የእህል ዋጋ ሲንር፣ ገበሬው ትራክተር የተባለውን ሁሉ ለመግዛት ተሽቀዳደመ። አምራቾቹ በዘመኑ የማሽኑን ጉልበት በሁለት ቁጥር ይገልጹ ነበር፤ የመጀመሪያው ቁጥር የመጎተቻ ኃይሉን፣ ማለትም ማረሻ ሲስብ ያለውን የፈረስ ጉልበት፣ ሁለተኛው ደግሞ ቆሞ መውቂያ ወይም ወፍጮ ሲያንቀሳቅስ በቺንጊያ የሚያስተላልፈውን ኃይል ያመለክታል። ይሁን እንጂ እነዚህን ቁጥሮች የሚያረጋግጥ ገለልተኛ አካል ስላልነበረ፣ በማስታወቂያ ላይ የተጻፈው ጉልበትና ማሳ ላይ የሚገኘው ጉልበት ብዙ ጊዜ አይገናኙም ነበር።

ይህን ሁኔታ ወደ ሕግ አውጪው ምክር ቤት ያደረሰው በነብራስካ ግዛት በፖልክ ካውንቲ ያርስ የነበረው ዊልሞት ክሮዚየር ነው። ክሮዚየር በሚኒያፖሊስ ከተማ የተቋቋመ «ፎርድ» የሚል ስም የነበረው ኩባንያ ያመረተውን ትራክተር ገዛ፤ ኩባንያው ስሙን ያገኘው ፎርድ ከሚባል አንድ ሠራተኛው እንጂ ከታዋቂው መኪና አምራች ከሄንሪ ፎርድ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም፤ ሄንሪ ፎርድ ራሱ በኋላ ለትራክተሩ «ፎርድሰን» የሚል ስም ለማውጣት የተገደደውም በዚሁ ምክንያት ነበር። የተገዛው ማሽን ለእርሻ ሥራ የማይበቃ ሆኖ ተገኘ። ክሮዚየር ከዚያ በኋላ የሩምሊ ኩባንያን ኦይልፑል ትራክተር ሲገዛ ግን ማሽኑ አምራቹ ቃል ከገባው በላይ ሠራ፤ በዚህም ጥፋቱ የትራክተር ሳይሆን ያልተፈተነ ቃል መሆኑ ግልጽ ሆነለት። ለግዛቲቱ ምክር ቤት በተመረጠ ጊዜ ከሴናተር ቻርለስ ዋርነር ጋር በመሆን ያቀረበው ረቂቅ እ.ኤ.አ. በ1919 ሕግ ሆኖ ጸደቀ።

የነብራስካው የትራክተር ፈተና ሕግ ሦስት ግዴታዎችን ጥሏል። አንደኛ፣ በግዛቲቱ የሚሸጥ እያንዳንዱ የትራክተር ሞዴል በሊንከን ከተማ በሚገኘው የነብራስካ ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶች እንዲፈተን፤ ሁለተኛ፣ የፈተናው ውጤት አምራቹ ካወጀው ጋር ተነጻጽሮ ለሕዝብ እንዲገለጽ፤ ሦስተኛ፣ አምራቹ በቂ መለዋወጫ ለገዢው በቅርብ እንዲያዘጋጅ። በዚህ ሕግ መሠረት ፈተናውን በ1920 የፈጸመው የመጀመሪያው ትራክተር ዋተርሉ ቦይ ኤን ሲሆን፣ በመጎተቻ 12፣ በቺንጊያ 25 የፈረስ ጉልበት እንዳለው ታውጆለት ነበር። በቀጣዮቹ ዓመታት ከፈተናው የተረፉት ሞዴሎች ሲጠነክሩ፣ በቃል ብቻ ይሸጡ የነበሩት እየጠፉ ሄዱ።

ሕጉ የታሰበው ለአዲስ ትራክተር ቢሆንም ለአሮጌው ትራክተር ገዢ የሰጠው ጥቅም አይተናነስም። የአንድ ሞዴል የፈተና ዘገባ ያ ትራክተር አዲስ ሳለ ምን ያህል ኃይል ይሰጥና ምን ያህል ነዳጅ ይፈጅ እንደነበር ስለሚናገር፣ ዳይናሞሜትር በሚባለው የኃይል መለኪያ መሣሪያ አሮጌውን ማሽን የሚፈትን ባለሙያ የሞተሩን ድካም በግምት ሳይሆን በቁጥር ማወቅ ይችላል። ይህ አሠራር በሌሎች አገሮችም ተቀባይነት እያገኘ ሄዶ፣ በኋላ የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት የሆነው ተቋም እ.ኤ.አ. በ1959 የጋራ የትራክተር መፈተኛ ደንብ አውጥቷል።

ፎርድሰን፣ ፈርጉሰንና የትራክተሩ ጀርባ

ሄንሪ ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1917 በገፍ ማምረት የጀመረው ፎርድሰን ትራክተርን ለአነስተኛ ገበሬ አቅም ያቀረበ የመጀመሪያው ማሽን ነበር፤ ዋጋው በ1922 ወደ 395 ዶላር ዝቅ ሲል ከሌሎቹ አምራቾች ጋር ብርቱ የዋጋ ፉክክር ተጀመረ። ነገር ግን ፎርድሰን ቀላልና አጭር በመሆኑ ከበስተኋላው ታስሮ የሚጎተተው ማረሻ ድንጋይ ወይም ሥር ሲነክስ፣ የኋላ ጎማዎቹ መዞር ተስኗቸው የማሽኑ ግንባር ወደ ላይ ይነሳና ትራክተሩ ወደኋላ ተገልብጦ ነጂውን ይጫነው ነበር። በዚህ አደጋ ብዙ ሰው አልቋል።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ያመጣው እ.ኤ.አ. በ1884 በሰሜን አየርላንድ የተወለደው መካኒክ ሃሪ ፈርጉሰን ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የአየርላንድ የግብርና ቦርድ የትራክተሮችን አሠራር እንዲያሻሽል በመደበው ጊዜ፣ ፈርጉሰን ማረሻውና ትራክተሩ ሁለት ማሽኖች ሆነው በሰንሰለት መያያዛቸው ራሱ ስሕተት መሆኑን አስተዋለ፤ ስለዚህ ማረሻውን ከታች በሁለት ክንዶች፣ ከላይ በአንድ ክንድ ከትራክተሩ ጋር የሚያዋህደውን ባለሦስት ነጥብ ማያያዣ ፈጠረ። የአሠራሩ ምሥጢር በላይኛው ክንድ ላይ ነው፤ አፈሩ ሲጠነክር ማረሻው ክንዱን ወደ ትራክተሩ ይገፋዋል፣ ግፊቱም አንድ ጥቅል ምንጭ ብረት ጨምቆ የሃይድሮሊኩን ቫልቭ ያንቀሳቅሳል፣ ሃይድሮሊኩም ማረሻውን በጥቂቱ በማንሳት ሸክሙን ወደ ኋላ ጎማዎች ያዛውራል። በዚህም ምክንያት ቀላል ትራክተር ከባድ ሥራ መሥራት ቻለ፤ የላይኛው ክንድ ግፊትም የትራክተሩን ግንባር ወደ መሬት ስለሚጫነው ወደኋላ የመገልበጥ አደጋ ቀነሰ።

ፈርጉሰንና ሄንሪ ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1938 ያለ ጽሑፍ፣ እጅ ለእጅ በመጨባበጥ ብቻ በተስማሙት መሠረት በ1939 ፎርድ 9ኤን የተባለው ትራክተር ለገበያ ቀረበ፤ ስምምነቱ ከጦርነቱ በኋላ ሲፈርስ የተነሳው ክስም በ1952 ለፈርጉሰን 9.25 ሚሊዮን ዶላር በመክፈል ተቋጨ። ፈርጉሰን ግን ክሱን እየተከታተለ በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከተማ ከ1946 ጀምሮ ቲኢ20 የተባለውን ግራጫ ትራክተር ያስመርት ነበር፤ እስከ 1956 ድረስም ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። በ1953 ከካናዳው ማሲ ሃሪስ ጋር ሲዋሃድ በኋላ ማሲ ፈርጉሰን ተብሎ በኢትዮጵያም ስሙ በሰፊው የታወቀው ኩባንያ ተመሠረተ፤ የፈርጉሰን ፈጠራም የአምራቹ ስም ምንም ይሁን ምን የማንኛውም ዘመናዊ ትራክተር መደበኛ አካል ሆነ።

ዛሬ አሮጌ ትራክተር የሚመረምር ባለሙያ ለጀርባው ልዩ ትኩረት የሚሰጥበት ምክንያት ይኸው ታሪክ ነው። መርማሪው ከባድ ማረሻ በክንዶቹ ላይ አንጠልጥሎ ከፍ ካደረገ በኋላ ሞተሩን ያጠፋና ይጠብቃል፤ ማረሻው ባለበት ከቆየ ሃይድሮሊኩ ጤነኛ ነው፣ ወዲያው እየሰመጠ ወደ መሬት ከወረደ ግን የፒስተኑ ማጥበቂያ ጎማ ወይም ቫልቩ ዘይት ያሳልፋል ማለት ነው። ቀጥሎም ማረሻውን ከክንዶቹ ፈትቶ የላይኛው ክንድ የሚታሰርበትን መያዣ ወደፊትና ወደኋላ በእጁ ይነቀንቀዋል፤ መያዣው ከተንኳኳ፣ አፈሩን የሚያዳምጠው ያ ምንጭ ብረት መላላቱን ወይም መበላቱን ያውቃል። እንዲህ ያለ ትራክተር ሸክም ቢያነሳም ማረሻውን በእኩል ጥልቀት አይዝም።

ከጀርባ የሚመረመረው ሁለተኛው ክፍል ኃይል ማውጫ ዘንጉ፣ በባለሙያዎች አጠራር ፒቲኦ ነው፤ ይህም የሞተሩን ኃይል ወደ መውቂያ፣ ወደ ውኃ ፓምፕ ወይም ወደ መርጫ የሚያስተላልፍ ጥርሳም ዘንግ ነው። ኢንተርናሽናል ሃርቨስተር የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1918 ለገበያ ባቀረበው ትራክተር ላይ ካስተዋወቀው በኋላ፣ የአንዱ አምራች መሣሪያ ለሌላው ትራክተር አልገጥም ብሎ ገበሬው ስለተቸገረ የአሜሪካ የግብርና መሐንዲሶች ማኅበር በ1920ዎቹ መጠኑንና ፍጥነቱን በደረጃ ወሰነ፤ በደቂቃ 540 ዙር የሚለው መለኪያ እስካሁን የሚሠራበትም ከዚያ በመነሳት ነው። ስለዚህ ገዢው ዘንጉ መዞሩን ብቻ ሳይሆን ጥርሶቹ አለመበላታቸውን፣ ፍጥነቱም ካለው መሣሪያ ጋር መስማማቱን ያረጋግጣል።

ከላምባ ወደ ናፍታ፤ የሞተሩ ምስክርነት

የመጀመሪያዎቹ የትራክተር ትውልዶች አብዛኞቹ በቤንዚን ተነስተው ሲሞቁ ወደ ርካሹ ላምባ የሚዞሩ ነበሩ። ላምባው በሚገባ ሳይቃጠል ሲቀር በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል ሾልኮ ወደ ዘይት ቋቱ ይወርድና ዘይቱን ያቀጥነው ስለነበር፣ የዘመኑ ገበሬ ዘይቱን በጣቶቹ መካከል አሽቶ ውፍረቱን መለየት የዕለት ተዕለት ሥራው ነበር፤ ዘይትን የመመርመር ልማድ ሥር የሰደደው በዚያ ዘመን ነው። ዛሬ ይኸው ምርመራ ሌላ ጥያቄ ይመልሳል፤ የዘይቱ መልክ ወተት ከመሰለ ውኃ ከራዲያተሩ መንገድ ወደ ሞተሩ ውስጥ ገብቷል፣ ይህም የቴስታታ መሰንጠቅን ወይም የጓርኒሲዮን መበላሸትን ያመለክታል።

ካተርፒላር እ.ኤ.አ. በ1931 የናፍታ ሞተር የተገጠመለት ባለሰንሰለት ትራክተር ካቀረበ በኋላ፣ በተለይም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ፣ ናፍታ የትራክተር ዋና ነዳጅ ሆነ። የናፍታ ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥለው በካንዴላ ብልጭታ ሳይሆን አየሩን አምቆ በሚያገኘው ግለት ብቻ ነው፤ ፋሻ የሚባሉት የፒስተን ቀለበቶች ወይም ቫልቮቹ ከተበሉ የታመቀው አየር ያመልጣል፣ ግለቱም አይበቃም። ቀዝቃዛ ሞተርን ማስነሳት የአሮጌ ትራክተር ዋነኛ ፈተና የሆነው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ ሻጩ ገዢው ከመድረሱ በፊት ሞተሩን አሙቆ ከጠበቀው ትልቁ ማስረጃ ተሸፍኗል ማለት ነው። አስተዋይ ገዢ ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የሞተሩን ገላ በእጁ ይዳስሳል።

ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ጭሱ ይናገራል፤ ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ነዳጅ ወይም ውኃ መኖሩን፣ ጥቁር ጭስ ደግሞ የነዳጁ መብዛት ወይም የአየሩ ማነስ መኖሩን ያመለክታል። ከጭሱ ይበልጥ የማያሻማው ምልክት የሚገኘው ግን ከዘይት መሙያው ክዳን ሥር ነው፤ ሞተሩ እየሠራ ክዳኑ ሲከፈት ጭስ የተቀላቀለበት አየር እየተገፋ ከወጣ ፋሻዎቹ ደክመዋል፣ ሞተሩም በቅርቡ መውረዱ አይቀርም።

የሰዓት ቆጣሪውም ታሪክ አለው። ትራክተር ዕድሜው የሚለካው በተጓዘው ኪሎ ሜትር ሳይሆን በሠራበት ሰዓት በመሆኑ፣ ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1950 በ8ኤን ትራክተሩ ላይ የሞተሩን ፍጥነትና የሥራ ሰዓት በአንድነት የሚያሳይ መሣሪያ ገጠመ። በዚህ ዓይነቱ በገመድ የሚነዳ ቆጣሪ ላይ አንዱ ሰዓት እውነተኛ ሰዓት የሚሆነው ሞተሩ በተወሰነለት ፍጥነት ሲሠራ ብቻ ነው፤ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ቆጣሪውም ይዘገያል፣ ገመዱ ሲበጠስ ደግሞ ፈጽሞ ይቆማል። ስለዚህ ቆጣሪው ላይ ያለው ቁጥር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የፍሪሲዮንና የፍሬን ፔዳሎቹ መፋቅ፣ የመቀመጫው መርገብ፣ የመሪው መንቀጥቀጥ፣ የፊት አክሰሉ ማዕከላዊ ዘንግ መላላት ከቁጥሩ ጋር መስማማታቸው ይታያል።

ምርመራው በሞተሩ ብቻ አያበቃም፤ የነጂው ደኅንነትም ይታያል። ወደ ጎን የመገልበጥ አደጋ በፈርጉሰን ፈጠራ ስላልተወገደ፣ ስዊድን ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዲስ ትራክተሮች ላይ የመገልበጥ መከላከያ፣ ማለትም ነጂውን ከመጨፍለቅ የሚያድን የብረት ቅስት ወይም ጋቢና፣ እንዲገጠም ግዴታ ጣለች፤ ሌሎች አገሮችም ተከተሏት፣ የሟቾች ቁጥርም በግልጽ ቀነሰ። መከላከያው የተቆረጠ ወይም በአካባቢ ብየዳ የተቀጠለ እንደሆነ ጥንካሬው ስለማይታወቅ እንደሌለ ይቆጠራል።

ትራክተር በኢትዮጵያ ማሳ

በኢትዮጵያ ትራክተር በስፋት መታየት የጀመረው በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓ.ም. በአዋሽ ሸለቆ፣ በሰቲት ሁመራና በአርሲ በተስፋፉት ሰፋፊ የንግድ እርሻዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ትብብር መቀመጫውን አሰላ ያደረገው የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት፣ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ካዱ፣ ተቋቋመ። ድርጅቱ የተመሠረተው አነስተኛውን ገበሬ ለመርዳት ቢሆንም፣ የምርጥ ዘርና የማዳበሪያው ትርፋማነት ባለመሬቶችን ወደ ትራክተር እርሻ ስለሳባቸው በርካታ የጭላሎ ጭሰኞች ከሚያርሱት መሬት ተፈናቀሉ፤ ትራክተር በአንድ ወገን ብልጽግናን፣ በሌላ ወገን ስደትን ያመጣ መሣሪያ ሆኖ በአካባቢው መታሰቡ ከዚህ የመነጨ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን የሕዝብ ሲያደርግ ሰፋፊዎቹ እርሻዎች ወደ መንግሥት ተዛወሩ፣ ትራክተሮቹም ከነእርሻዎቹ የመንግሥት ሆኑ።

በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት ድጋፍ በናዝሬት፣ በዛሬዋ አዳማ፣ የተቋቋመው የትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ ቤላሩስ የተባለውን ትራክተር በአገሪቱ አስፋፋ። ቤላሩስን የሚያመርተው እ.ኤ.አ. በ1946 የተመሠረተው የሚንስክ ትራክተር ፋብሪካ ሲሆን፣ ኤምቲዜድ 80 የተባለው ሞዴሉ ባለአራት ሲሊንደርና 80 ያህል የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መሠረታዊ ንድፉ ሳይለወጥ ለዐሥርት ዓመታት የተመረተ ነው። ይህ የንድፍ ጽናት ለአሮጌ ትራክተር ገዢ ታላቅ ጥቅም አለው፤ የቆየው ማሽን የአዲሱን መለዋወጫ ሊቀበል ይችላል። የነብራስካ ሕግ አውጪዎች መለዋወጫን በአስገዳጅ አንቀጽ ያስገቡበት ምክንያት በዚህ ጎልቶ ይታያል፤ ዕቃው ያልተገኘለት ብርቱ ሞተር፣ ዕቃው በየከተማው ከሚገኝ ደካማ ሞተር ያነሰ ዋጋ አለው።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የመንግሥት እርሻዎች ድርሻ እየቀነሰ ሲሄድ፣ በአርሲና በባሌ የስንዴ አምባዎች ትራክተርና ኮምባይነር የሚያከራዩ የግል ባለንብረቶች ቦታውን ያዙ። ትራክተሮችም ከትልልቅ ድርጅቶች በጨረታ ወደ ግለሰብ፣ ከግለሰብም ወደ ሌላ ግለሰብ ሲተላለፉ፣ የማሽኑ የአገልግሎት ታሪክ ራሱ የምርመራ አካል ሆነ። በራሱ ማሳ ላይ በባለቤቱ የተነዳ ትራክተርና በኪራይ ሌሊትና ቀን በተለያዩ ነጂዎች ዋልካ መሬት ሲያርስ የኖረ ትራክተር፣ የምርት ዘመናቸው አንድ ቢሆንም የፍሪሲዮናቸውና የካምቢዮአቸው ድካም አንድ አይደለም። ሊብሬው ላይ ያለው ስምና ቁጥር ከማሽኑ ጋር መመሳከሩም ስርቆትን ብቻ ሳይሆን፣ የተለወጠ ሞተርንና የተደበቀ የዕዳ እገዳን ለማወቅ ይረዳል።

ከውጭ የመጣው የምርመራ ዕውቀት ግን ለኢትዮጵያ ደጋ እንዳለ ሊወሰድ አይችልም። ተርቦ የሌለው የናፍታ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ በግምት ከመቶ ሦስት እጅ ኃይሉን ስለሚያጣ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ባላት በአሰላ ከአንድ አምስተኛ በላይ የሚሆን ጉልበቱ ይጎድላል፤ አየሩ ስስ በመሆኑም ጤነኛ ሞተር ሳይቀር በሸክም ጊዜ ጥቁር ጭስ ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ በቆላ ሞተርን የሚያስኮንን ጭስ በደጋ የአየሩ ጠባይ ሊሆን ስለሚችል፣ ፍርዱ ከሌሎች ምልክቶች ጋር ተገናዝቦ ይሰጣል። በተቃራኒው በአዝመራ ጊዜ የሚነሳው አቧራ ከሌሎች አገሮች ይልቅ እዚህ የከፋ ጠላት ሊሆን ይችላል፤ ከአየር ማጣሪያው ወደ ሞተሩ የሚወስደው የጎማ ቱቦ ውስጡ አቧራ ከተገኘበት፣ ሞተሩ ለረጅም ጊዜ አሸዋ ሲተነፍስ ኖሯልና ሲሊንደሮቹ መበላታቸው የማይቀር ነው።

ይህ ሁሉ ዕውቀት በአሰላ፣ በአዳማና በሮቤ ጋራዦች በሚሠሩ መካኒኮች እጅ አለ፤ ከመምህር ወደ ተማሪ በሥራ እየተላለፈ የመጣ፣ በብዙ ዋጋ የተገኘ ሀብት ነው። ሆኖም የተጻፈና የተደራጀ ባለመሆኑ ጥቅሙ ጥሩ መካኒክ ለሚያውቅ ሰው ብቻ ሆኖ ቀርቷል፤ መካኒክ የሌለው ገበሬ ግን ዛሬም በ1910ዎቹ የነብራስካ ገበሬ በነበረበት ሁኔታ፣ በሻጩ ቃል ላይ ተመርኩዞ የዓመታት ቁጠባውን ያወጣል። የነብራስካ ታሪክ እንደሚያስረዳው ይህን ለመለወጥ የሚያስፈልገው ሀብታም ገበሬ ወይም ብልጥ ገዢ መሆን አይደለም፤ ገለልተኛ ፈታኝ፣ ለሕዝብ የሚገለጽ ውጤትና አስተማማኝ የመለዋወጫ አቅርቦት ናቸው። የግብርና ኮሌጆች፣ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎችና የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት በአገሪቱ ለሚገኙት ለዋና ዋናዎቹ የትራክተር ሞዴሎች የመመርመሪያ ሰነድ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሌሎች ቋንቋዎች ቢያዘጋጁ፣ ከፍታውንም አስልተው የደጋውን መለኪያ ቢያወጡ፣ ኪሳራው በአንድ ገበሬ ትከሻ ላይ ብቻ መውደቁ ያበቃል፤ አንድ ሰው ከፍሎ የተማረውንም የሚቀጥለው ገዢ ሳይከስር ያገኘዋል።